ባለ ሦስት ቀለም ድመት ለምን ሴት ትሆናለች? ልጄ ለክፍል ታቀርበዋለች፣ እርዱኝ

የተማሪዋ እናት፦ ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ኤፒጄኔቲክስ ጂንን እንዴት እንደሚቆጣጠር ዓርብ ለክፍል ታስረዳለች። የዲኤንኤው ፊደል ሳይለወጥ ጂን የሚከፈትበትና የሚዘጋበት መንገድ ነው ብላኛለች። ምሳሌ ስታስብ ዓይኗ ቤታችን ያለችው ድመት ላይ አረፈ። ነጭ፣ ጥቁርና ብርቱካናማ ናት። እንዲህ ያለች ድመት ሁሌ ሴት ናት ይባላል። ለምን? እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ላግዛት አልቻልኩም።

የባዮሎጂ መምህር፦ ልጅዎ ግሩም ምሳሌ ነው የያዘችው! ጥቁርና ብርቱካናማን የሚለየው ጂን ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም (ጂኖችን የያዘ የዲኤንኤ ጥቅል) ላይ ነው። ሴቷ ሁለት ኤክስ ስላላት ሁለቱንም መያዝ ትችላለች። ወንዱ አንድ ብቻ ነው ያለው። ድመቷ ገና ፅንስ ሳለች እያንዳንዱ ሴል ከሁለቱ አንዱን ኤክስ በዕጣ ይዘጋል። ከዚያ ሴል የሚወጡት ሁሉ ያንኑ እንደዘጉ ይኖራሉ። ብርቱካናማው ቦታ ጥቁሩን የያዘውን ኤክስ የዘጋ ሴል ዘር ነው። የጄኔቲክስ ተመራማሪዋ ሜሪ ላየን አይጦችን አጥንታ ይህን ሐሳብ ያቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ነጩ የሌላ ጂን ሥራ ነው።

ላብራቶሪ የምሠራ፦ እህቴ፣ «ይዘጋል» ማለት ጂኑ ተቆርጦ ወጣ ማለት አይደለም። ተማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የዲኤንኤው ፊደል እንዳለ ነው። መጀመሪያ ኤግዚስት የሚባል አርኤንኤ (ከዲኤንኤ የሚቀዳ ሞለኪውል) ኤክሱን ያለብሰዋል። ዲኤንኤው ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ይጠመጠማል፤ ሸማኔ ማጉን ቀሰም ላይ እንደሚያጠነጥነው። ክሩን የሚያላሉት የአሲቲል ምልክቶች ከሂስቶኖቹ ላይ ይነሳሉ፤ ጥቅሉም ጥብቅ ይላል። በኋላ ጂኖቹ መነሻ ላይ ሜቲል የሚባል ትንሽ የኬሚካል ምልክት ይለጠፋል። ጂኑን የሚያነበው ኢንዛይም መግቢያ ያጣል። ካልተነበበ ደግሞ ፕሮቲን የለም።

የተማሪዋ እናት፦ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድ ጭራሽ የለም ማለት ነው?

የእንስሳት ሐኪም፦ አለ፣ ግን ብርቅ ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለት ኤክስና አንድ ዋይ (ወንድ የሚያደርገው ክሮሞዞም) ይዞ የተወለደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም መካን ነው። ለልጅዎ ግን ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ቴክሳስ ውስጥ ከአንዲት ባለ ሦስት ቀለም ድመት ሴል ተወስዶ ክሎን፣ ማለትም የዲኤንኤዋ ግልባጭ የሆነች ድመት፣ ተሠራ። የተወለደችው ግልገል ግን ብርቱካናማ ቀለም የላትም! ዲኤንኤው አንድ ነው። የተወሰደው ሴል የብርቱካናማውን ኤክስ ዘግቶት ነበር፣ ክሎን ሲደረግም አልተከፈተም። የሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ታሳይ።

የተማሪዋ እናት፦ ልጄ «እኛስ?» እያለች ነው።

የባዮሎጂ መምህር፦ እናንተም። እርስዎም ልጅዎም በየሴላችሁ ውስጥ አንዱ ኤክስ ዝግ ነው። ቆዳችሁ ላይ በቀለም ስለማይለይ ነው እንጂ፣ እንደ ድመቷ የተዥጎረጎራችሁ ናችሁ።