ምንም ሕመም ለማይሰማት ልጅ በየወሩ መርፌ ማስወጋት ተገቢ ነውን?

ጥያቄ፦ የሄርማታዋ እናት
የ12 ዓመት ልጄ እዚሁ ጅማ በምትማርበት ትምህርት ቤት የልብ ምርመራ ተደርጎላት፣ በግራ በኩል ያለው የልቧ ቫልቭ (የደም ማሳለፊያ በር) ጥቂት ደም ወደ ኋላ እንደሚመልስ ተነገረኝ። ሐኪሙ ጅምር ሩማቲክ የልብ ሕመም ሊሆን ስለሚችል፣ ከተረጋገጠ በየአራት ሳምንቱ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት መወጋት እንደሚኖርባት ነገሩኝ። ልጅቷ ግን ስትሮጥና ገመድ ስትዘል ትውላለች፤ መገጣጠሚያዋንም አሟት አያውቅም። ሕፃን ሳለች ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ስለነበር አያቷ እንጥሏን አስቆርጠውላታል። ጎረቤቶቼ «ደህናውን ልጅ ምን በወጣው ይወጋል?» ይሉኛል። የምታውቁ ብታስረዱኝ።

መልስ፦ የልብ ክትትል ነርስ
እኅቴ፣ የትምህርት ቤቱ ምርመራ አጠራጣሪውን ለመለየት እንጂ ቁርጡን ለመናገር አይደለም። ጤነኛ ልብም ጥቂት ደም ሊመልስ ስለሚችል፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሙሉ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሥታ የቫልቩ ውፍረትና እንቅስቃሴ ይታይላት። እንጥል መቆረጥ፣ ደም ከማፍሰስና ቁስሉ ከማመርቀዝ በቀር፣ ለሩማቲክ የልብ ሕመም መነሻ የሆነውን የጉሮሮ ባክቴሪያ አያስወግድም። ሰውነት ያንን ባክቴሪያ ሲዋጋ የራሱን ቫልቭ ጭምር ያጠቃል፤ ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥር ጉዳቱ ይደራረባል፤ መርፌው የሚከላከለው ይህንኑ መመላለስ ነው። በሰሜን ዩጋንዳ ጉሉ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 የሆኑ፣ ሕመሙ በኢኮ የታየባቸው ነገር ግን ምልክት የሌላቸው 818 ልጆች የተሳተፉበት ጥናት በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሕመሙ የባሰባቸው ከተወጉት 0.8 በመቶ፣ ካልተወጉት ደግሞ 8.2 በመቶ ነበሩ።

መልስ፦ አባ ቢያ
እዚያው ጥናት ላይ እኮ ካልተወጉት መካከልም አብዛኞቹ አልባሰባቸውም። መርፌውን አልቃወምም፤ ነገር ግን ወላጅ በፍርሃት ሳይሆን አውቆ ይወስን ዘንድ ይህም ሊነገረው ይገባል።

መልስ፦ የልብ ክትትል ነርስ
ልክ ነዎት። ችግሩ ማን እንደሚብስበት አስቀድመን መለየት አለመቻላችን ነው። ቫልቩ አንዴ ከጠበበ ደግሞ ነገሩ በፊኛ ማስፋት ወይም በቀዶ ሕክምና ላይ ይወድቃል፤ ያ ማለት ለብዙ ቤተሰብ አዲስ አበባ ተመላልሶ ወረፋ መጠበቅ ነው።

መልስ፦ የቦሳ አባት
ልጄ መርፌውን ከጀመረ ቆይቷል። መድኃኒቱ ወፍራም ስለሆነ መርፌው ይደፈናል፤ ቀስ ብሎ የሚወጋ ባለሙያ ሲገኝ ግን ሕመሙ በጣም ይቀንሳል። ቁርስ በልታና ውኃ ጠጥታ ትሂድ፤ ከተወጋችም በኋላ ወዲያው አትነሣ። ፔኒሲሊን ተስማምቷት የማያውቅ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። ቀጠሮውን በቤታችሁ አቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ ማድረግ ይቻል እንደሆነም ይጠይቁ፤ ልጄ ቀጠሮ ያሳለፈው ሁልጊዜ በመንገዱ ርቀት እንጂ መርፌውን ፈርቶ አልነበረም።

መልስ፦ የሄርማታዋ እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በመጀመሪያ ኢኮውን አስነሣለሁ፤ መርፌው ከታዘዘላትም መቼ እንደሚቆም ሐኪሙን እጠይቃለሁ።