የአፍሪካ ኅብረትን በመስክ ጥናት፦ ከየት ይጀመራል?

ጀማሪዋ
ለማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ የማስተርስ ጽሑፌ የአፍሪካን ፖለቲካዊ ውህደት ይዣለሁ። የመስክ ጊዜው አምስት ወር፣ ቦታው አዲስ አበባ። አማካሪዬ «ይሄ የፖለቲካ ሳይንስ ርዕስ ነው፤ ተሳታፊ ምልከታው (ከሚጠኑት ሰዎች ጋር እየኖሩ ማጥናቱ) የቱ ጋ ነው?» ይላሉ። 55 አባል ሀገሮች ያሉትን ነገር አንድ ቀበሌ በሚጠናበት መንገድ ማጥናት ይቻላል? የኅብረቱ ዋና ግቢ መግባት ባይፈቀድልኝስ?

ረቂቅ ተከታይ
አህጉሩን አታጠኚም፤ አንድ ሰነድ መርጠሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ትከተያለሽ። በማርች 2018 (እ.ኤ.አ.) ኪጋሊ ላይ የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ ንግድ ቀጠና ስምምነትና የሰዎች ነጻ ዝውውር ፕሮቶኮል በአንድ ጉባኤ ለፊርማ ቀረቡ። የንግዱ ስምምነት የሚፈልገውን 22 ማጽደቂያ አግኝቶ በሜይ 30 ቀን 2019 ሥራ ላይ ዋለ። ለዝውውሩ 15 ብቻ ይበቃው ነበር፤ ዓመታት አልፈውም ያጸደቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ዕቃውን አሳልፎ ሰውየውን ኬላ ላይ የሚያቆም መንግሥት ምን እያሰበ ነው? ለአማካሪሽ ይህን ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ።

የሰነዱ መንገድ የታወቀ ነው። ከባለሙያዎች ወደ ሚኒስትሮች የቴክኒክ ኮሚቴ፣ ከዚያ ወደ ቋሚ ተወካዮች ኮሚቴ (አምባሳደሮቹ ማለት ነው)፣ ወደ ሥራ አስፈጻሚው ምክር ቤት፣ በመጨረሻ ወደ መሪዎች ጉባኤ ይወጣል። ከፊርማ በኋላ ወደየሀገሩ ይወርዳል፤ እኛ ጋ ፓርላማ ገብቶ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፓርላማ ስላጸደቀ ብቻ አይቆጠርም፤ የማጽደቂያው ሰነድ የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ዘንድ መቀመጥ አለበት። በሁለቱ መካከል ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ፤ ያ ክፍተት ራሱ ጥሩ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ረቂቆቹን በቀን ቅደም ተከተል ደርድሪ። በማዕዘን ቅንፍ የታጠረ ቃል ገና ያልተስማሙበት ነው። ቅንፉ በየትኛው ስብሰባ እንደተነሳና በምን እንደተተካ በሠንጠረዥ ካወጣሽ፣ ለቃለ መጠይቅ የሚሆንሽ ጥያቄ ከዚያው ይገኛል።

የመስክ ደብተር
ለአማካሪሽ አንድ ነገር ልጨምር። ፈረንሳዊው ማርክ አቤሌስ የአውሮፓ ፓርላማን ከማጥናቱ በፊት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጋሞ ውስጥ ኦቾሎ ላይ የሕዝብ ጉባኤዎችን አጥንቷል። ማን ይናገራል፣ በምን ተራ፣ ማን ዝም ይላል የሚሉት ጥያቄዎች ከዱቡሻው (ከጋሞ የጉባኤ ሜዳ) ወደ ስትራስቡርግ፣ ወደ አውሮፓ ፓርላማ፣ አብረውት ሄደዋል። በ1993 ደግሞ ከኢሬን ቤሊዬና ከማርዮን ማክዶናልድ ጋር የአውሮፓ ኮሚሽንን ከውስጥ አጥንተዋል። ስለዚህ ዘዴው አዲስ አይደለም።

ግን የብራስልሱን ጥናት እንዳለ አትገልብጪ። የአውሮፓ ኮሚሽን ሕግ የማመንጨት ሥልጣን አለው፤ የእኛው ኮሚሽን በአብዛኛው አዘጋጅና አስታዋሽ ነው፤ ውሳኔው ከየዋና ከተማው ይመጣል።

መግቢያውን በተመለከተ፦ የዲፓርትመንት ደብዳቤውን በመጀመሪያው ሳምንት አስገቢና መልሱን ሳትጠብቂ ኤምባሲዎች ጋ ጀምሪ። አብዛኞቹ ለኢትዮጵያም ለኅብረቱም የተሾሙ ናቸው። ትንንሾቹን አስቀድሚ፤ ጥቂት ዲፕሎማቶች ስብሰባውን ሁሉ ስለሚከፋፈሉ አንዱ ሰው ብዙ ያውቃል። የመሪዎቹ ጉባኤ የካቲት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት ቀጠሮ አትጠይቂ፣ ይሰረዛል፤ ከጉባኤው በኋላ ባለው ሳምንት ግን ሰው ያወራል። አስተርጓሚዎችንም አትርሺ።

ከፍተኛ ባለሥልጣን መጀመሪያ የሚነግርሽ የጋዜጣዊ መግለጫ ቋንቋ ነው። «ስለ ውህደት ምን ያስባሉ?» ብለሽ ከጠየቅሽ እስከ መጨረሻው ከዚያ አትወጪም። ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪና «ይህ አንቀጽ በፊተኛው ረቂቅ ላይ አልነበረም፤ እንዴት ገባ?» በዪ። የአጭር ማስታወሻሽን ሙሉ ጽሑፍ በዚያው ማታ ጨርሺ፤ ካደረ የንግግሩ ተራ ይጠፋል።

ድንበርተኛ
ሁለታችሁም ከአዲስ አበባ አልወጣችሁም። ውህደት ሰነድ ላይ ምን እንደሚል ሳይሆን ኬላ ላይ ምን እንደሚሆን ማየት ከተፈለገ ሞያሌ አለ፤ የኢትዮጵያና የኬንያ የጋራ የፍተሻ ጣቢያ ዲሴምበር 2020 ላይ ተመርቋል። ከአምስቱ ወር ስድስት ሳምንት ለዚያ ስጪ። ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) አጠገብ ተቀምጠሽ አንድ ጭነት ስንት ወረቀት እንደሚጠይቅ፣ በየመስኮቱ ስንት ሰዓት እንደቆመ፣ የዕቃው የትውልድ ሀገር ማረጋገጫ የት ላይ እንደተንጠለጠለ ጻፊ። በበሩ የሚያልፈውን ብቻ ሳይሆን በጎን የሚዞረውንም ቁጠሪ። ሰውን ስለ ኮንትሮባንድ በቀጥታ አትጠይቂ፤ ስለ ዋጋና ስለ መንገድ ካወራሽ ራሱ ይነሳል።

ደብዳቤ ከኦሮሚያውም ከሶማሌውም አስተዳደር ያስፈልግሻል። የኬንያውን ወገን ለማጥናት ደግሞ ከሀገሪቱ የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ብሔራዊ ኮሚሽን ፈቃድ፤ ይህን ከመነሳትሽ በፊት ጨርሺው።

ጀማሪዋ
ሰነዱን መከተሉ ገብቶኛል፣ ሞያሌንም እጨምራለሁ። ዲፕሎማቶቹን በስም ሳልጠቅስ እንዴት ልጥቀስ?

የመስክ ደብተር
ስም መቀየር አይበቃም። «የአንዲት ደሴት ሀገር ዲፕሎማት» ስትዪ ስድስት ሀገሮች ብቻ ይቀራሉ፤ «ፖርቱጋልኛ ተናጋሪ» ብትጨምሪ ኬፕ ቨርድና ሳኦ ቶሜ ብቻ። ሰውየውን በሀገሩ ሳይሆን በስብሰባው ውስጥ በነበረው ሥራ ጥሪው፦ አርቃቂ፣ ማስታወሻ ያዥ፣ ተቃዋሚ። የስሞቹን ቁልፍ ከማስታወሻው ለይተሽ በይለፍ ቃል ቆልፊ። ጥቅሱን ደግሞ ጽሑፉ ከመግባቱ በፊት ለተናጋሪው አሳዪው፤ አንዱ «ይህችን አውጪልኝ» ካለ፣ ያወጣሽውን ሳይሆን እንዲወጣ መጠየቁን መመዝገብ ትችያለሽ፣ እሱም ከፈቀደ።