የዚንክ ኦክሳይድ ስስ ፊልሜ ክረምት ሲገባ ነጣብኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ ባሕር ዳር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ለአልትራቫዮሌት ዳሳሽ የሚሆን የዚንክ ኦክሳይድ ስስ ፊልም በሶል ጄል ዘዴ (ፈሳሽ ቀብቶ በሙቀት ወደ ጠጣር ፊልም በመለወጥ) እየሠራሁ ተቸግሬያለሁ። ዚንክ አሲቴትን በኢታኖል አሟሟለሁ፣ ድብልቁን የሚያረጋጋ ሞኖኢታኖልአሚን እጨምራለሁ፣ መስታወት ላይ አፍስሼ በደቂቃ 3000 ዙር አሽከረክራለሁ፤ በ300 ዲግሪ አድርቄ በ450 ዲግሪ አግለዋለሁ።

በበጋ ጥርት ያለ ፊልም ይወጣ ነበር። ክረምት ከገባ ወዲህ ግን ጠርዙ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል፤ በማይክሮስኮፕ ሳየው መሃሉ በጥቃቅን ቀዳዳ ተበሳስቷል፣ ኤሌክትሮድ ሳስቀምጥበትም የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ይቆራረጣል።

አማካሪዬ መስታወቱ አልጠራም ባይ ናቸው፤ በአሴቶን ደጋግሜ ባጥበውም ያው ነው። እኔ የምጠረጥረው እርጥበቱን ነው፦ ኢታኖል ቶሎ ሲተን ፊልሙን ያቀዘቅዘዋል፣ ጤዛም ይስባል። የጣና ዳር ክረምት መቼም ታውቁታላችሁ።

ግላቭ ቦክስ (አየሩ ደረቅ የሆነ ዝግ የመሥሪያ ሳጥን) የለንም። በኢታኖል ፈንታ ሜቶክሲኢታኖል የተባለው ማሟሚያ ቀስ ብሎ ስለሚተን ይሻል ይሆን? መርዛማነቱ ግን ያሰጋኛል። ወይስ ማሽከርከሪያውን እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል በደረቀ ሳጥን ብሸፍነው ይበቃል? የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።