ዝናብ ያደረ ጠዋት አልነሳ የሚል ኮሮላ

ጥያቄ፦ የ1992 ሞዴል ኮሮላ ነው። ክረምት ላይ ዝናብ ሲያድር ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሳም። ባትሪው አዲስ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ 1፦ በደንብ እየዞረ ካልነሳ ባትሪውን ተወው፤ እሳቱን፣ ማለትም ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ እርጥበት እየበላው ነው። የዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ወደ እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚያከፋፍለውን ዕቃ) ክዳን ፈተህ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ካየህ እሳቱ በዚያ እየሾለከ ነውና ቀይረው፤ ማጽዳት አያድነውም። ሌላው፣ ማታ ጨለማ ውስጥ ኮፈኑን ከፍተህ ሞተሩን አስነሳ፤ ካንዴላዎቹ (ሲሊንደር ውስጥ ብልጭታውን የሚሰጡት) ጋር እሳቱን የሚያደርሱት ገመዶች ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ካለ አራቱንም ቀይር።

መልስ 2፦ ልክ ነው። ገመዶቹን ግን በእጅህ እንዳትነካ፣ ይመታሃል።

መልስ 3፦ ሞተሩ ጎርፍ ውስጥ ከጠፋብህ ደግሞ እንደገና ለማስነሳት አትሞክር። ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ አይታመቅም፣ ቢየላውን (ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያያይዘውን ብረት) ያጣምመዋል። መጀመሪያ ካንዴላዎቹን ፈተህ ውሃውን አስወጣ።