በጎቹን ማን ይጠብቅ? ጃናሞራ፣ ተራራ ላይ ያለ ጎጥ

የደጋው መምህር፦
ሰላም ሰዎች። ጃናሞራ ውስጥ አስተምራለሁ። ከትምህርት ቤታችን በላይ፣ ከገደሉ አናት አንድ ጎጥ አለ። ከዚያ ወደ እኛ ለመውረድ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ለመመለስ ደግሞ ሦስት ሰዓት ሙሉ ዳገት ነው፣ በክረምት ወንዙ ሲሞላ ጭራሽ አይታሰብም። ባለፈው ቤት ለቤት ዞሬ ከ7 እስከ 14 ዓመት ያሉ 43 ልጆች ቆጠርኩ። አብዛኞቹ ደብተር ይዘው አያውቁም። መስከረም ላይ ዘመቻ ተብሎ ይመዘገባሉ፣ ኅዳር ገብሱ ሲደርስ ይጠፋሉ፣ እኛም «አቋረጡ» ብለን ሪፖርት እናደርጋለን። አንዱን አባት ልጅህን ላከው ብለው «እሺ፣ በጎቹን አንተ ትጠብቅልኛለህ?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ጎጡ ውስጥ 10ኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ አለች። እዚያው ዳስ ጥለን እሷ እንድታስተምራቸው አስበናል። ሰዓቱን እንዴት እናድርገው? ሠርታችሁ ያያችሁ ንገሩኝ፣ መመሪያውን አንብቤዋለሁ።

የስሜን ልጅ ከዲሲ፦
ወንድሜ በርታ። እዚህ ያለን የአገር ልጆች ተሰባስበን ቆርቆሮና ሲሚንቶ ማዋጣት እንችላለን። ስንት ክፍል ይበቃል?

ጡረተኛው፦
የዲሲው ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ሲሚንቶውን ለጊዜው ተወው። ያ ዳገት በበቅሎ ነው የሚወጣው፣ ብሩ መንገድ ላይ ያልቃል።

እኔ በ1990ዎቹ መንዝ ውስጥ አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ላይ ሠርቻለሁ። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ያለውን በሦስት ዓመት የሚጨርሰው ማለት ነው። ሰዓቱን ቢሮ ቁጭ ብለን ስናወጣው ማንም አልመጣም። ኋላ ገበሬዎቹን ስንጠይቅ ለካ ሁሉም ነገር በበጎቹ ነው። ውርጩ ሳይረግፍ በግ አይወጣም፣ ሳሩ ሆዱን ይነፋዋል ይላሉ። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ልጁ እጁ ባዶ ነው። ይበርዳል፣ አዎ፣ እኛ ግድግዳውን በድንጋይ ክበን እሳት እናነድ ነበር።

ዋናው ግን የዓመቱ አቆጣጠር ነው። ክረምቱን ማሳው ሁሉ ሰብል ስለሆነ እረኛ ለአፍታ ዞር ማለት አይችልም። አዝመራው ገብቶ ከብቱ ቃርሚያ ላይ ሲለቀቅ ግን ጥበቃው ይላላል። ከጥር እስከ ግንቦት ጫን አድርጋችሁ አስተምሩ፣ ኅዳርና ታኅሣሥን በግልጽ ዝጉ። ያኔ አቋረጠ የሚባል ልጅ አይኖርም። በዓላቱንም አትርሱ። በ12፣ በ21፣ በ27 ገበሬው አያርስም፣ በጎቹን አባትየው ራሱ ሊያያቸው ይችላል። ወንድማማቾችም ካሉ አንዱ ጠዋት አንዱ ከሰዓት ይማሩ፣ በፈረቃ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አንድ ነገር ልንገርህ። ሦስት ዓመት ያስተማርናቸው ልጆች 5ኛ ክፍል ሊገቡ ወረዱ፣ ትምህርት ቤቱ «ስማችሁ መዝገብ ላይ የለም» ብሎ ግማሾቹን 1ኛ ክፍል አስቀመጣቸው። የ13 ዓመት ልጅ ከ7 ዓመት ልጅ ጋር! በሳምንቱ አንድም አልቀረም። እና ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ በአንተ ትምህርት ቤት ሮስተር ላይ አስገባቸው፣ ዳሱ የእናንተ ቅርንጫፍ ይሁን። ትልልቆቹን ለብቻ ያዛቸው፣ ደቡብ ላይ ስፒድ ስኩል ይሉት የነበረው ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለውን በ10 ወር ነበር የሚያስጨርሰው፣ ለእነሱ የሚሆነው እንደዚያ ያለው ነው።

የስሜን ልጅ ከዲሲ፦
ታዲያ ጋሼ ብሩን ምን ላይ እናውለው?

ጡረተኛው፦
የልጅቷ ደመወዝ ላይ። በየወሩ፣ ሳይዘገይ። የእኛዋ አመቻች፣ ማለትም ዳሱ ውስጥ የምታስተምረው ልጅ፣ አምስት ወር ሳይከፈላት ቆይታ ቤይሩት ሄደች፣ ማዕከሉም በዚያው ተዘጋ።

ነርሷ፦
እኔ እንደዚህ ያለ ዳስ ውስጥ ነው ሀሁ የቆጠርኩት፣ ዋግ ውስጥ። ጋሼ የጻፉት ልክ ነው ግን እረኛ ሲሉ ወንዱን ብቻ እያሰቡ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሴት ልጅ ምንጭ ላይ ናት። እኛ ጋ ደግሞ ኮሚቴው (ሁሉም ወንዶች፣ አንዱ የአጎቴ ልጅ) ትምህርቱን ማታ አደረገው፣ በጎቹ ከገቡ በኋላ በኩራዝ። ለወንዶቹ ተመቸ። እኛ ግን ምጣድ ላይ ነን፣ ደግሞስ በዚያ ጨለማ ማን ልጁን ይልካል፣ ጠለፋ ባለበት አገር? ከ14 ሴቶች ሦስት ቀረን። እኔ የቀረሁት አያቴ በር ላይ ቁጭ ብላ ስለምትጠብቀኝ ነው።

እናቶቹን ለብቻቸው ጠይቃቸው። ከአባቶቹ ጋር ከሆኑ አይናገሩም። ከጎጡ የምታስተምረው ሴት መሆኗ ጥሩ ነው፣ ለሷ ይነግሯታል።

የደጋው መምህር፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። የበዓሉን ነገር ለቄሱ አነሳሁባቸው፣ ፊደል መቁጠር ሥራ አይደለም አሉ፣ እንዲያውም ለትንንሾቹ የፊደል ገበታ እሰጣለሁ ብለዋል። ሮስተሩን ርዕሰ መምህሩ እሺ ብሏል፣ በቃል ነው እስካሁን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጅቷ እናቶቹን ትሰበስባለች፣ እኔ አልገባም። ሴቶቹ 4 ሰዓት ላይ ይሁን ቢሉስ? በጎቹ በዚያ ሰዓት መስክ ላይ ናቸው። ሁለት ፈረቃ በአንዲት ልጅ ደመወዝ ይቻላል ትላላችሁ?

የስሜን ልጅ ከዲሲ፦
የሁለት ሰው ጻፍ።