ፋርማኮሎጂን ለፒሲ ቱ ተማሪም ለሬዚደንትም ማስተማር፦ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጥያቄ፦ አዲሷ ሌክቸረር

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ፋርማሲ፣ ሁለተኛው ፋርማኮሎጂ ነው። ክፍለ ሀገር ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ በቅርቡ ተቀጥሬያለሁ። ዘንድሮ ሁለት ኮርስ ተሰጥቶኛል። አንዱ ለፒሲ ቱ (ገና ዋርድ ላልገቡ፣ የቅድመ ክሊኒክ ሁለተኛ ዓመት) የሕክምና ተማሪዎች ነው፤ አዳራሽ ሙሉ ናቸው። ሌላው ለአንደኛ ዓመት የውስጥ ደዌና የሕፃናት ሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን ለሚማሩ ሐኪሞች) የሚሰጥ ክሊኒካል ፋርማኮሎጂ ነው።

ፒሲ ቱዎቹ ካለፈው ባች የወረሱትን ሃንድአውት ሸምድደው ፈተናውን ያልፋሉ። ሲ ዋን (የክሊኒክ የመጀመሪያ ዓመት) ገብተው ዋርድ ውስጥ "ፕሮፕራኖሎል ለአስም በሽተኛ ለምን አይሰጥም?" ሲባሉ ግን ዝም። ወቀሳው ለእኛ ይመጣል። ሬዚደንቶቹ ደግሞ ከዲዩቲ (ተረኛ ሆነው ካደሩበት) ወጥተው ነው የሚመጡት፣ ግማሹ ይተኛል። የተኛው ይሻለኛል፤ ያልተኛው "ይሄንንማ ፒሲ እያለን ተምረነዋል" ይለኛል። እውነቱን ለመናገር እኔ በሽተኛ አክሜ አላውቅም፣ እነሱ ያክማሉ። የላቦራቶሪ እንስሳ የለንም። ፕሮጀክተሩም መብራት ሲኖር ነው።

ሁለቱን እንዴት ለይቼ ላስተምር? ፈተናውስ እንዴት ይውጣ?

መልስ፦ ጋሽ መምህር

አይዞሽ ልጄ። መጀመሪያ ከፒሲ ቱ ኮርስሽ የመድኃኒቱን ብዛት ቀንሺ። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው አገሮች በጥቂት መድኃኒት ብዙ ሕመም ማከም እንደሚችሉ ለማሳየት ነው። ለተማሪም እንደዚያው ነው። ከየቤተሰቡ አንድ መድኃኒት በደንብ ይወቁ። የቀረውን ከእሱ በምን እንደሚለይ ብቻ ንገሪያቸው።

ሁለተኛ፣ ክፍል ገብተሽ "የዛሬው ርዕስ ኮሊነርጂክ" ብለሽ አትጀምሪ። ማላታይን (ፀረ ተባይ መርዝ) ጠጥቶ ኢመርጀንሲ የገባ ወጣት አምጪላቸው። ምራቁ ይዝረበረባል፣ ላብ አጥምቆታል፣ የዓይኑ ብሌን ጠቧል፣ ደረቱ በፈሳሽ ተሞልቷል፣ ልቡ ቀስ ብሎ ይመታል፣ ጡንቻው ይርገበገባል። ምልክቱን አንድ በአንድ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። ከየምልክቱ ጎን ሪሴፕተሩን (ምልክቱን የሚያመጣውን የሕዋስ ተቀባይ) ራሳቸው ያስቀምጡ። ጡንቻው ጋ ሲደርሱ ማርከሻው አትሮፒን እንደማይነካው ይገባቸዋል፤ አትሮፒን የሚዘጋው ሙስካሪኒክ ሪሴፕተርን ሲሆን የጡንቻው ግን ኒኮቲኒክ ነውና።

ከዚያ "አትሮፒኑ ስንት? መቼ ይበቃል?" በያቸው። ለአዋቂ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም በደም ሥር ተጀምሮ፣ ለውጥ ከሌለ በየ5 ደቂቃው እጥፍ እየተደረገ ይቀጥላል። መቼ ይበቃል ስትያቸው አብዛኛው "ብሌኑ ሲሰፋ" ይልሻል። አይደለም። ዋናው ደረቱ መጥራቱ ነው፤ ከሱ ጋር የልብ ምቱ ከ80፣ የላይኛው የደም ግፊት ደግሞ ከ80 በላይ መሆኑ ይታያል። ኮሊንኤስተሬዝ (መርዙ የሚያግደው ኢንዛይም)፣ አንታጎኒስት (ሪሴፕተርን የሚዘጋ መድኃኒት)፣ ሪሴፕተር፣ ሁሉም በአንድ ሰው ላይ ተማሩ ማለት ነው። ይህንን በሽተኛ ደግሞ ኢንተርን ሲሆኑ ያገኙታል፣ አይቀርም።

መልስ፦ አር ቱ (የውስጥ ደዌ)

የምታስተምሪያቸው ዓይነት ሰው እኔ ነኝ፣ የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት፣ እና በግልጽ ልንገርሽ። የሚያስተኛን ዲዩቲው ብቻ አይደለም። የመድኃኒት ምድብ በስላይድ ሲነበብልን እንተኛለን። ከእኛ በላይ በሽተኛ እንድታክሚ ማንም አይጠብቅም። ከእኛ በላይ ኪነቲክስ (መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ገብቶ እስኪወጣ የሚሆነውን) ግን ታውቂያለሽ። እሱን ሽጪልን።

አንድ ቻርት (የበሽተኛ መዝገብ) ከዋርድ አምጪ። ኤችአይቪ ያለባትና ቲቢ የተገኘባት ሴት እንበል። ዶሉቴግራቪር የተባለ የኤችአይቪ መድኃኒት ትወስዳለች፣ ክንዷ ላይ የወሊድ መከላከያ ኢምፕላንት አለ፣ ዛሬ የቲቢ መድኃኒት ሊጀመርላት ነው። "ምን ይለወጣል?" ብለሽ ዝም በይ። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ ሪፋምፒሲን ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያስወግዱ የጉበት ኢንዛይሞችን እንደሚያነቃቃ ሁላችንም ሸምድደናል። ዶሉቴግራቪሩ በቀን አንዴ 50 ሚሊ ግራም የነበረው ሁለቴ እንደሚሆን ግማሻችን ያውቃል። ኢምፕላንቱ ብቻውን እንደማይታመን የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው። ሪፋምፒሲን ካቆመች በኋላ ሁለት ጊዜ መውሰዷ ለተጨማሪ 2 ሳምንት ይቀጥላል፤ ኢንዛይሙ ወዲያው አይመለስምና። "ለምን 2 ሳምንት?" የሚለው ላይ ነው አንቺ የምታስፈልጊን።

ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ፌኒቶይን ነው። በቀን 300 ሚሊ ግራም የሚወስድን ሰው ወደ 400 ስናሳድገው በደሙ ያለው መጠን በሲሶ ብቻ የሚጨምር ይመስለናል። መድኃኒቱን የሚያስወግደው ኢንዛይም አቅሙ ከሞላ በኋላ ግን ከእጥፍ በላይ ሊወጣ ይችላል። ይህንን በግራፍ ያሳየኝ ሰው የለም።

እና ክፍሉን ከዲዩቲ ማግስት ጠዋት አታድርጊው፣ በእመቤቴ።

መልስ፦ የዋርድ ፋርማሲስት

ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ልጨምር። የፈቃድ ፈተናው ሰፋ ብሎ ይጠይቃል። ዝርዝሩን በጣም ካሳጠርሽው ተማሪዎቹ ይጎዳሉ። የቀረውን ለብቻቸው እንዲያነቡት ስጪ፣ ከዚያም ላይ በትንሹ ፈትኚ። ክፍል ውስጥ ግን ጊዜ አይብላብሽ።

ለሬዚደንቶቹ የራሳቸውን ማዘዣ አስመርምሪ። ከዋርዱ የተወሰኑ ቻርቶች ሰብስቢ፣ የበሽተኛውም የሐኪሙም ስም ይሸፈን። ሴፍትሪአክሰን ስንት ላይ ታዝዟል? ለምን? ስንት ቀን? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት ሲመድብ ሴፍትሪአክሰንን ያስቀመጠው በጥንቃቄ ክትትል ከሚሰጡት ጋር ነው። እኛ ጋ ግን ለቀዶ ሕክምና መከላከያም እሱ፣ ለሳንባ ምችም እሱ፣ ትኩሳቱ ላልታወቀውም እሱ። ሴፋዞሊን ይበቃ የነበረበትን ቦታ ራሳቸው ያግኙት።

ለሕፃናቱ ሬዚደንቶች ደግሞ ይህችን ጨምሪ፦ ዕድሜው 28 ቀን ያልሞላው ሕፃን ካልሲየም ያለበት ፈሳሽ በደም ሥር እየወሰደ ወይም ሊወስድ ከሆነ ሴፍትሪአክሰን አይሰጠውም። ሪንገር ላክቴትም ካልሲየም አለበት። ይህን ስትነግሪያቸው የሚተኛ ካለ ታመሃል ወይ ብለሽ ጠይቂው።

መልስ፦ ኢንተርን ነኝ

ስለ ፒሲ ቱዎቹ እኔን ስሙኝ። ማታ 9 ሰዓት ላይ ነርሷ "ዶክተር፣ ስንት ሚሊ ልሳብ?" ስትል የሪሴፕተር ስም አያድንም። ስሌት አስተምሪያቸው። 12 ኪሎ ሕፃን፣ ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊ ግራም፣ ሽሮፑ 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም አለው። 180 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 7.5 ሚሊ ሊትር።

ማግኒዚየም ሰልፌትም እንዲሁ። 50 በመቶ የሆነው 2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 1 ግራም አለ። ለኤክላምፕሲያ (ከእርግዝና ጋር በተያያዘ የደም ግፊት የሚመጣ መንቀጥቀጥ) በደም ሥር የሚሰጠው 4 ግራም 8 ሚሊ ሊትር ነው፤ 12 ሚሊ ሊትር ውኃ ጨምረን 20 በመቶ እናደርገዋለን። ከዚያ የጉልበት ሪፍሌክስ፣ ትንፋሽ፣ ሽንት ይታያል። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት አጠገብ ይቀመጥ።

አድሬናሊን ደግሞ አለ። 1 ለ1000 እና 1 ለ10,000 የሚለውን ወደ ሚሊ ግራም መለወጥ የማይችል ተማሪ ከፒሲ ባይወጣ ይሻላል። ለአናፊላክሲስ (ድንገተኛ ከባድ አለርጂ) አዋቂ ስንት ሚሊ ሊትር፣ ከየትኛው፣ የት ይወጋል? ፈተና ላይ አስገቢው።

አዲሷ ሌክቸረር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ፣ ሁላችሁም። ኢንተርን፣ ከ1 ለ1000 ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ ጭን ጡንቻ ላይ፤ አለፍኩ? 😀

ሁለት ነገር ቀረኝ። ፕራክቲካሉን ያለ እንስሳ ምን ላድርገው? ፈተናውስ? ሁሉንም በጽሑፍ መልስ ብጠይቅ አርሜ አልጨርስም።

መልስ፦ ጋሽ መምህር

እንስሳው ባይኖር አትዘኚ። የስኮትላንዱ ስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ በነፃ የሚሰጠው የፋርማኮሎጂ ማስመሰያ ፕሮግራም አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለ አይጥ መድኃኒት ትሰጪዋለሽ፣ የደም ግፊቱ ሲወጣ ሲወርድ ታያለሽ። አድሬናሊን ስትሰጪው ግፊቱ ይወጣል። መጀመሪያ አልፋ ሪሴፕተርን የሚዘጋውን ፌንቶላሚን ሰጥተሽ ያንኑ አድሬናሊን ስትደግሚ ግን ይወርዳል፤ የደም ሥር የሚያጠበው አልፋ ስለተዘጋ የሚያሰፋው ቤታ ሁለት ብቻውን ይቀራል። ከመሞከርሽ በፊት ሁሉም ግምቱን በወረቀት ይጻፍ፣ ያለዚያ ፊልም አይተው ነው የሚወጡት።

መብራት ከጠፋ ያንኑ ግራፍ በቾክ ሳዪ። የመድኃኒቱን ስም ደብቂና "ማነው ይሄ?" በያቸው። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የተሻለ ይከራከራሉ።

መልስ፦ የዋርድ ፋርማሲስት

ፈተናው ምርጫ ይሁን፣ ችግር የለውም። ግን "የሚከተሉት ሁሉ የጎንዮሽ ጉዳቶች ናቸው ከ... በስተቀር" የሚለውን ተዪው። ሃንድአውት የሚያሸመድደው እሱ ነው። አጭር በሽተኛ ስጪና "ቀጥሎ ምን ታደርጋለህ" በይ። አንድ ስህተት ያለበት ማዘዣም ጨምሪ፤ ስህተቱን ከ4 አማራጭ ይምረጡ። ለማረም አይከብድም።

ለሬዚደንቶቹ የጽሑፍ ፈተና ግዴታ ካልሆነ አንድ ቻርት ይዘው ይቅረቡ፣ 10 ደቂቃ ይከላከሉ።

መልስ፦ ከሰመመን ክፍል

ዘግይቼ ገባሁ። ሬዚደንቶቹን ነቃ የሚያደርግ ርዕስ ከፈለግሽ የሕመም ማስታገሻው ኮዴይን ነው። ሲዋይፒ 2ዲ6 የሚባለው ኢንዛይም ኮዴይንን ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ጂን ተጨማሪ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል። እነዚህ ሰዎች ኮዴይኑን ቶሎ ሞርፊን ያደርጉታል፣ ስለዚህ ሞርፊኑ ሊበዛባቸው ይችላል። በአሜሪካ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ኮዴይንም ትራማዶልም እንዳይሰጥ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እኛ ዋርድ ውስጥ ሌላው ማስታገሻ ትራማዶል እንደ ውኃ ነው የሚታዘዘው፣ እሱም በዚሁ ኢንዛይም ነው የሚያልፈው። ስለ እኛው ሰው ሲወራ ማንም አይተኛም።

አዲሷ ሌክቸረር

ይሄኛውን ለመጀመሪያው ክፍል ወስጄዋለሁ። የቻርቱን ነገር ከዋርዱ ኃላፊ ጋር ነገ አወራለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የሕፃናቱንና የውስጥ ደዌዎቹን ልለያያቸው?

መልስ፦ አር ቱ (የውስጥ ደዌ)

አብረን እንሁን። ቻርቱን ግን አንድ ቀን ከእኛ፣ አንድ ቀን ከእነሱ ውሰጂ። ደግሞ ከሰዓት አድርጊው፣ ብያለሁ።