ኪኩ ባዶውን ይወርዳል፣ ሞተሩ አይነሳም፤ ፍሪሲዮን ነው ወይስ ፋሻ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምነዳው 125 ሲሲ፣ ባለ 5 ማርሽ፣ ካርቡራተር ያለው ሞተር ነው። ኪክም (በእግር የሚረገጥ ማስነሻ) ሞተሪኖም (በቁልፍ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማስነሻ) አለው። የፍሪሲዮኑ (የክላቹ) ገመድ ጫፉ ላይ መበጣጠስ ስለጀመረ በአዲስ ተቀየረ፤ ማርሽ ሲገባ ይጮህ ስለነበር ጠበቅ ተደርጎ ታሰረ። አሁን ማርሹ ያለ ድምፅ ይገባል፣ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ኪኩን ስረግጠው ትንሽ ይይዝና ከዚያ ባዶውን ይወርዳል። ፎሌ ላይ (ምንም ማርሽ ሳይገባ) ሆኜ በሞተሪኖ ሳስነሳው ግን ወዲያው ይነሳል። ማርሽ ውስጥ ሆኖ፣ ፍሪሲዮን ይዤ የማስነሻውን ቁልፍ ስጫን ደግሞ ጭራሽ ድምፅ የለውም፤ በፊት ይነሳ ነበር። ዳገት ላይ በ4ኛና በ5ኛ ነዳጅ ስሰጠው ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ፍጥነቱ አይጨምርም። ካንዴላ ተቀይሯል፣ ካርቡራተሩም ታጥቧል። አንድ መካኒክ «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» አለኝ። ከማስወረዴ በፊት ምን ልይ?

ባለ ሁለት ጎማ፦
ኪክ ከቀለለ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበት ኃይል) ወርዷል ማለት ነው። ዘይት ይበላል? ሰማያዊ ጭስስ አለው?

ጠያቂ፦
ዘይቱ አይጎድልም፣ ጭስም የለውም።

ካቻቢቴ፦
ወንድሜ፣ እባክህ ሞተሩን እንዳታስወርድ። ፋሻው ያለቀ ሞተር በሞተሪኖም ያስቸግራል። ያንተ በሞተሪኖ ወዲያው እየተነሳ በኪክ ብቻ እምቢ የሚለው ጉልበቱ የሚያልፍበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። ሞተሪኖው ክራንኩን (ፒስተኑ የሚያዞረውን ዘንግ) በራሱ ጥርሶች ያዞረዋል፤ ፍሪሲዮኑ ዘንድ አይደርስም። ኪኩ ግን በብዙ ትንንሽ ሞተሮች መጀመሪያ የማርሽ ሳጥኑን ዘንግ ያዞራል፣ ከዘንጉ ወደ ፍሪሲዮኑ፣ ከፍሪሲዮኑ ወደ ክራንኩ ይሄዳል። ፍሪሲዮኑ ካልያዘ እግርህ ክራንኩን አላገኘውም።

ያንተም እንዲህ ዓይነት መሆኑን ለማወቅ ፎሌ ላይ አድርግ፣ ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ያዝና ኪኩን ቀስ ብለህ ርገጠው። ምንም ሳይከብድ ከወረደ መንገዱ በፍሪሲዮን በኩል ነው። (ፍሪሲዮን ተይዞ፣ ማርሽ ውስጥ ሆነውም በኪክ የሚነሱ አሉ። እነሱ ላይ ኪኩ የሚያያዘው ከፍሪሲዮኑ ውጫዊ ቅርጫት፣ ማለትም ዲስኮቹ ከሚሰደሩበት ቤት ጋር ስለሆነ የምልህ አይሠራባቸውም።) ከዚያ ቁልፉን አጥፋ፣ 5ኛ ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ሳትነካ ሞተሩን ወደፊት ግፋው። የኋላ ጎማው ኮምፕሬሽን ሲይዘው መክበድ ወይም መቆም አለበት። ዝም ብሎ የሚንከባለል ከሆነ የፍሪሲዮኑ ዲስኮች (ተጫጭነው ጉልበት የሚያስተላልፉት ሳህኖች) እየተንሸራተቱ ነው። ዳገት ላይ የነገርከንም ይኸው ነው።

ምክንያቱ የጠበቀው ገመድ ይመስለኛል። በእጅ የምትይዘው ሌቨር ባዶ እንቅስቃሴ (ገመዱን መሳብ ሳይጀምር የሚሄደው ርቀት) ከሌለው እጅህን ብታነሳም ፍሪሲዮኑ በከፊል እንደተያዘ ይቀራል፤ ሞላዎቹ ዲስኮቹን ሙሉ በሙሉ አይጫኗቸውም። በዚህ ሁኔታ ብዙ ከተነዳ ደግሞ ዲስኮቹ ይቃጠላሉ፣ ስለዚህ ነገ ዛሬ አትበል።

ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ መሪው ቀጥ ብሎ ይሁን። ሌቨሩ ሥር ያለውን መቆለፊያ ዳዶ አላላና ማስተካከያውን ወደ ውስጥ አዙረህ አስገባው፤ ጥርሱ ሙሉ በሙሉ እንዳያልቅ ግን ትንሽ አስቀርለት። ከዚያ ወደ ሞተሩ ወርደህ፣ ገመዱ ጫፍ ላይ ያሉትን ሁለት ዳዶዎች አላልተህ ዋናውን ማስተካከያ እዚያ አድርግ። በብዙ ሞተሮች ልኩ ሌቨሩ ጫፍ ላይ ሲለካ ከ10 እስከ 20 ሚ.ሜ ባዶ እንቅስቃሴ ነው፤ የራስህን መመሪያ ካገኘህ በእሱ ሂድ። የቀረችውን ጥቂት ከላይ ጨርሳትና ዳዶዎቹን ቆልፍ። ስትቆልፍ የማስተካከያው ስንጥቅና የዳዶው ስንጥቅ አንድ መስመር ላይ እንዳይገጥሙ ተጠንቀቅ፤ ከገጠሙ ገመዱ ሾልኮ ሊወጣ ይችላል፣ ውሃም ይገባበታል። መጨረሻ ላይ መሪውን እስከ ጥግ ግራና ቀኝ አዙረው። አንዱ ጋ ባዶ እንቅስቃሴው ከጠፋ ገመዱ የተዘረጋበት መንገድ ተሳስቷል።

ማርሽ ውስጥ ድምፅ ማጥፋቱ ሌላ ነገር ነው። ሌቨሩ ሥር ሁለት ሽቦ ያላት ትንሽ ስዊች አለች፤ ፍሪሲዮን መያዝህን ለሞተሪኖው የምትነግረው እሷ ናት። ገመድ ሲቀየር ሽቦዋ ብዙ ጊዜ ይነቀላል። የጎን መቆሚያውም የራሱ ስዊች ካለው አጥፈኸው ሞክር።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ባዶ እንቅስቃሴው ጭራሽ አልነበረም። 15 ሚ.ሜ አድርጌው ኪኩ ያዘ፣ በሁለተኛው ርግጫ ተነሳ። የስዊቿም አንዱ ሽቦ ወልቆ ነበር፣ መልሼ ሰካሁት። ዳገት ላይም ደህና ሆነ። ግን ማርሹ እንደ ድሮው መጮህ ጀመረ፤ በተለይ ጠዋት 1ኛ ሳስገባ ዘሎ ሊጠፋ ይላል፣ ቆሜ ፎሌ ማግኘትም ከባድ ነው። ገመዱን መልሼ ትንሽ ላጥብቀው?

ካቻቢቴ፦
አታጥብቀው! የመጀመሪያው ችግር ያኔም ይኸው ነበር፣ ገመዱ ሸፈነው እንጂ አልፈታውም። ሌቨሩ ልኩን ይዞ ዲስኮቹ ካልተላቀቁ ጥፋቱ ውስጥ ነው። ጠዋት ከማስነሳትህ በፊት 2ኛ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ይዘህ ሞተሩን ወደፊትና ወደኋላ ግፋው። ሌሊት የተጣበቁት ዲስኮች ይላቀቃሉ። ዘይቱስ ምን ዓይነት ነው?

ጠያቂ፦
የመኪና ነው፣ ወፍራሙ።

የዲስክ ሰው፦
እንግዲያው መጀመሪያ ዘይቱን ቀይር። ወፍራም ዘይት ሲቀዘቅዝ ዲስኮቹን ያያይዛል። ነዳጅ ቆጣቢ የሚባሉት ቀጫጭን የመኪና ዘይቶች ደግሞ ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም ስላላቸው ፍሪሲዮኑን ያንሸራትቱታል። ዕቃው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» ወይም «ኤምኤ2» የሚል ፈልግ፤ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የወጣ ደረጃ ነው። «ኤምቢ» የሚለውን አትግዛ።

በዘይት ካልተስተካከለ የፍሪሲዮኑን ክዳን ክፈትና ብረት ዲስኮቹን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጣቸው። የተጣመመ ካለ ከሥሩ ብርሃን ያሳይሃል፤ ሰማያዊ የሆነ ካለ ተቃጥሏል። የቅርጫቱን ጣቶችም በጥፍርህ ዳብሳቸው፣ ዲስኮቹ ጥርስ ቆፍረውባቸው ይሆናል። ሌቨሩን ስትይዝ ዲስኮቹ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይቀረቀሩና አይላቀቁም፣ ማርሹም የሚጮኸው ለዚህ ነው። ጥርሱ ቀላል ከሆነ በጠፍጣፋ ሞረድ ይስተካከላል፤ ጥልቅ ከሆነ ቅርጫቱ ይቀየር። አዲስ ዲስክ የምታስገባ ከሆነ አስቀድመህ የሞተር ዘይት ውስጥ ዘፍዝፈህ አሳድረው። የሞላዎቹን ቡሎኖች ደግሞ በየተራ፣ በመስቀለኛ፣ ትንሽ ትንሽ እያልክ እሰራቸው፤ ጉልበት አታብዛ፣ የሚቀመጡበት የአሉሚኒየም ምሰሶ በቀላሉ ይሰበራል።